ከመሠዊያው ጀርባ

ይድረስ ለልጆቼ፤

ዕድሜዬን የጨረስኩት የቆየ የእንጨት ቅርጽ በመጠገን ነው። የምኖረው ጀርመን አገር፣ ባቫሪያ ግዛት ውስጥ ሙኒክ ስለሆነ ከእጄ የማይጠፉት የባቫሪያ አብያተ ክርስቲያናት ቅዱሳንና መላእክት ናቸው። የእጅ ሙያ የጀመራችሁ ልጆች ደግሞ ባገኛችሁኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ቶሎ ስም እንድናወጣ ምን ይሻለናል?» ትሉኛላችሁ። ስለ አንድ ቀራጺ እያጫወትኳችሁ ልመልስ።

ኢግናዝ ጉንተር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1725 አልትማንሽታይን በምትባል ትንሽ የባቫሪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበሩ። ሙኒክ መጥቶ ዮሐን ባፕቲስት ሽትራውብ ዘንድ ተማረ። ከዚያ ማንሃይም ሄዶ ፓውል ኤግል ዘንድ ሠራ፤ ቪየናም አካዳሚ ገባ። ሙኒክ ተመልሶ በራሱ ሲቋቋም 1754 ነበር፤ ሠላሳ ሊደፍን ምንም አልቀረው። እስኪ ልብ በሉ፤ እስከዚያ ድረስ በሰው ወርክሾፕ ነው የኖረው።

ሮት አም ኢን የሚባል የገዳም ቤተ ክርስቲያን አለ። የመሠዊያውን ቅርጾች ጉንተር ከ1759 እስከ 1762 ባለው ጊዜ ሠራቸው። ከመሠዊያው ጎን ንጉሠ ነገሥት ሃይንሪክ 2ኛና ባለቤቱ ኩኒጉንደ ቆመዋል። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ጉንተር ግን በራሱ ዘመን የቤተ መንግሥት ወግ ነው ያቆማቸው። ኩኒጉንደን ሳያት ቅድስት መሆኗ ትዝ የሚለኝ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የምትታየኝ ኩሩ እመቤት ናት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንጂ እንዲህ ያለ ቅርጽ ስላልተለመደ መጀመሪያ ግር ሊላችሁ ይችላል። ግድ የለም፣ ቆይታችሁ እዩት።

አሁን ወደ ጀርባው እንዙር። የዚያን ዘመን የመሠዊያ ቅርጽ አብዛኛው ጀርባው እንደ ገንዳ የተቦረቦረ ነው። እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ሊንደን የሚባል ዛፍ ነው። ለስላሳ ነው፤ ለመሮ በየአቅጣጫው ይታዘዛል። ግንዱ ሲደርቅ ግን ዙሪያው ከመሃሉ ይበልጥ ይኮማተርና እስከ ልቡ ድረስ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀራጺው ከኋላ ገብቶ የግንዱን ልብ አውጥቶ ይጥለዋል። ከፍ አድርጎ ለመስቀልም ይቀላል። የመሮው ዱካ እስካሁን አለ፤ ሰፋፊ፣ ሻካራ፣ ጥድፊያ የበዛበት። ውፍረቱን በጣቴ ስለካው ግን ዙሪያው ብዙ አይለያይም።

«ማንም የማያየውንም ቦታ እንደ ፊቱ አሳምሩ» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ አልስማማም። የዚያ ጀርባ ሥራው ፊቱ እንዳይሰነጠቅ ማድረግ ነው። ያንን ከሠራ በቃው። ይኸው ጉንተር በ1764 ለቫያርን ገዳም የሠራውን ብሥራት ብታዩት ነገሩ ይገባችኋል። መልአኩና ማርያም በዑደት ቀን ማኅበርተኞች ተሸክመዋቸው እንዲዞሩ የተሠሩ ናቸው። ሰው ከኋላም ከጎንም ያያቸዋል፤ ስለዚህ ዙሪያቸውን ተቀርጸዋል። የት መድከም እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ዋናው ጨዋታዬ ግን ይሄ አይደለም። ቀራጺው መሮውን ሲያስቀምጥ ሥራው ገና ነው፤ ቀቢው ይረከበዋል። ቀቢው ከእንስሳ ቆዳ የተቀቀለ ኮላ ከጠመኔ ጋር እየደባለቀ ደራርቦ ይቀባል። የእኛ የድሮ ሥዕለ አድኅኖም በጣውላ ላይ ሲሣል ከቀለሙ በታች ጀሶ አለው፤ ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ሲጨመር ቅርጹ እየደነደነ ይሄዳል። ስስ የልብስ እጥፋት ይሞላል፤ የዐይን ቆብ ጠርዙ ይደነዝዛል። ቀቢው ሲደርቅለት በትንንሽ ብረት እንደገና ይቆርጠዋል፣ ይስላል። ወርቅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀይ ሸክላ አፈር ይቀባና ከወረቀት የሳሳ የወርቅ ቅጠል ያለብሰዋል፤ ከዚያ አጌት በሚባል ድንጋይ አሽቶ ያበራዋል። ብዙ ጊዜ የቀቢው ሒሳብ ከቀራጺው አያንስም ነበር፤ የሚበልጥበትም ጊዜ ነበር።

ጎበዝ ቀራጺ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያስባል። እጥፋቱን ከሚያስፈልገው በላይ ጥልቅ፣ ጠርዙን ከሚያስፈልገው በላይ ስል አድርጎ ይተወዋል። ቀለሙ የረገፈ ቅርጽ ሥር ባዶውን እንጨት ሳየው አንዳንዴ የተጋነነ ይመስለኛል። በነጭ ጠመኔና በወርቅ ሲሸፈን ነው ልክ የሚመጣው።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ ያለኝ መልስ ይሄው ነው። ዛሬ ሁላችሁም ነገሩን ብቻችሁን ጀምራችሁ ብቻችሁን ጨርሳችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ መለጠፍ ትፈልጋላችሁ። ክሬዲቱን ለማንም አታጋሩም። እኔ ሰው ስቀጥር የማየው ከእሱ ቀጥሎ ለሚሠራው ቦታ የሚተው መሆኑን ነው። ሮት አም ኢን ራሱ የጉንተር ብቻ አይደለም። ሕንፃው የዮሐን ሚካኤል ፊሸር ነው። የጎን መሠዊያዎች ቅርጽ ላይ ዮሴፍ ጎትሽ ሠርቷል። የጣሪያው ሥዕል የማቴዎስ ጉንተር ነው፤ የአባት ስማቸው ገጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም። የቀቢዎች ስም ግን ብዙ ቦታ ላይ ጠፍቷል፤ ይሄ ያናድደኛል። ስለዚህ እናንተ ሥራችሁን ስታሳዩ የቀባላችሁንም፣ የገጠመላችሁንም ስም ጻፉ።

ሙኒክ ጎራ ካላችሁ የባቫሪያ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ። የጉንተር ሥራዎች አሉ፤ መሠዊያ ላይ እንዳለው አንገታችሁን አታንጋጡም። አንዳንዱን ቅርጽ በጎን በኩል ማየት ይቻላል፤ ወርቁ በሳሳበት ቦታ ቀዩን አፈር ፈልጉ።