«ይቅር ተብለሻል ብላት አልሰማ አለችኝ»

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከቢቸና አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 46 ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ባለቤቴ ጨዋ፣ ሥራ ወዳድ ሴት ነበረች። እናቴ ካረፉ ወዲህ ግን፣ አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ሌሊት ተነሥታ ስትሰግድ ታድራለች፤ ጉልበቷ ጠቁሯል። መቁረብ አቁማለች። የቤታችንን የነፍስ አባት ትታ ሌላ ቄስ ይዛ በአገር ፊት አሳፈረችኝ። ከጾም ውጭም ራሷን ታስርባለች፤ ለእኔና ለልጆቹ ከአዲሱ ጤፍ ጋግራ ታቀርባለች፣ እሷ ግን የገብስ ቂጣና ድንች እንጂ እንጀራውን አትቀምስም። መኝታም ለይታለች።

ነገሩ የመጣው ከመሬት ክርክር ይመስለኛል። እናቴን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ከእህቴ ጋር በመሬቱ ስንጨቃጨቅ ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ ‹መሬቱ ለእሱ ይሁን ብለዋል› ብላ ማለች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ፣ ደብተሩም በስማችን ሆነ። እርግጥ እናቴ በትክክል ያሉትን አሁን ማንም አያስታውስም። እህቴ ደጀን ጠላ እየሸጠች ትኖራለች፤ አንነጋገርም። ባለቤቴን ‹አጥፍተሽም ቢሆን ይቅር ተብለሻል፤ 78 ነፍስ የበላውን በላዔ ሰብን በጥርኝ ውኃ የማረ አምላክ አንቺን አይተውም፤ መዳን በጸጋ ነው› እላታለሁ። አልሰማ አለችኝ። እንዴት ላሳምናት? በሽታ ከሆነስ መድኃኒት አለው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን የጻፉልኝ ስለ ባለቤትዎ ተጨንቀው መሆኑን አልጠራጠርም። አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ መኖር ይከብዳል። የምመልስልዎ ግን የጠበቁትን ላይሆን ይችላልና ከወዲሁ ይታገሡኝ።

በሽታ ነው ወይ ብለው ስለጠየቁኝ ከእሱ ልጀምር። ኃጢአትን ከልክ አልፎ የመፍራት ሕመም በእርግጥ አለ። ሰውየው ተናዝዞ ሲወጣ ገና በሩ ላይ ሌላ የረሳው ኃጢአት ትዝ ይለውና ይመለሳል። ሊቆርብ ባለበት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ውኃ በጉሮሮዬ ወርዶ ይሆን እያለ ይጨነቃል። ቅዳሴ መሐል ክፉ ሐሳብ ሽው ቢልበት ወዶ ያሰበው ይመስለዋል። ካህኑ ሲፈቱት ያገኘው ዕረፍት እስከ ማታ አይቆይም። ሐኪሞች ኦሲዲ ከሚሉት ሕመም ወገን ነው፤ በምክርም በመድኃኒትም ሊታከም ይችላል። ባለቤትዎን ሳላያት ይህ የለባትም ማለት አልችልም። ነገር ግን የዚህ ሕመም ጠባይ መዝለል ነው፤ ዛሬ ውኃው፣ ነገ ሐሳቡ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ መንገድ ላይ የረገጠው መስቀል የመሰለ እንጨት። የባለቤትዎ ጭንቀት፣ እንደጻፉልኝ ከሆነ፣ አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቦታ አልተነቃነቀም።

ቦታውን እርስዎም ያውቁታል፤ ጽፈውታል። ስለ ስግደቱና ስለ መኝታው ያሉትን አንዴ አንብቤ አለፍኩት። ደጋግሜ የተመለስኩባት «እናቴ በትክክል ያሉትን አሁን ማንም አያስታውስም» የምትለዋ መስመር ናት። እናትዎን ውኃ ያጎነጨቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ የመጨረሻ ቃላቸውን የሰማች ሴት በሕይወት አለች። የምታስታውሰው እሷ ናት፤ እንቅልፍ ያሳጣትም ይኸው ይመስለኛል።

አዲሱ ጤፍ ከየትኛው ማሳ እንደገባ አልነገሩኝም። ከእናትዎ መሬት ነው? ከሆነ ባለቤትዎ እየጾመች አይደለም። በጾም ወተቱና ሥጋው ይቀራል እንጂ ጤፍ ተለይቶ የሚከለከልበት ጾም አላውቅም። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ምጣዱን አስምታ፣ እንጀራውን እየሞቀ አውጥታ ለልጆቿ አቅርባ ስታበቃ፣ ራሷ ጥግ ይዛ የተቀቀለ ድንች የምትልጥ ሴት ከዚያ መሬት የበቀለ ነገር ወደ አፏ እንዳይገባ እየተጠነቀቀች ነው። ጤፉ ከሌላ ማሳ ከሆነ ይህን ግምቴን ይተዉት፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን አይተዉብኝ።

የበደለኝነት ስሜት ሲፈጠር ሥራ ይዞ ነው የሚመጣው። ያፈረስከውን ጠግን፣ የወሰድከውን መልስ፣ ያስለቀስከውን ሄደህ አናግር ይላል። ሰውየው ይህን ለማድረግ መንገድ ካገኘ ስሜቱ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። መንገዱ ሲዘጋበት ግን ወደ ራሱ ይዞራል። ኔሊሰንና ዜለንበርግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል፤ በደል ሠራሁ ብሎ የሚሰማው ሰው የበደለውን የሚክስበት ዕድል ካጣ ራሱን መቅጣት ይጀምራል፣ ደስ የሚለውን ነገርም ለራሱ ይነፍጋል። ደብዳቤዎ ውስጥ የዘረዘሩት ሁሉ፣ ጉልበቱ፣ ቂጣው፣ መኝታው፣ ቁርባኑ፣ ይህ ነው። በሌላ ሰው ላይ የዋለ በደል መውጫ አጥቶ ገላዋ ላይ እያለቀ ነው።

መንገዱን ማን ዘጋባት ቢሉኝ፣ ከበደኝ እንጂ መልሱ እርስዎ ነዎት። መሬቱን ብቻዋን መመለስ አትችልም፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለታችሁም ስም አለበት። ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ልንገር ብትል ባሏን ሌባ ማድረጓ ነው። ለቤታችሁ የነፍስ አባት ልትናዘዝ ብትሞክር ደግሞ እሳቸው በየበዓሉ ቤታችሁ የሚገቡ፣ ከእርስዎ ጎን ተቀምጠው ጠበል ጠዲቁን የሚባርኩ፣ የእርስዎም የነፍስ አባት ናቸው። ሌላ ቄስ የያዘችው እርስዎን ለማሳፈር መስሎዎታል። እኔ ደግሞ እንዳያፍሩ ብላ ይመስለኛል፤ የራሷን ኃጢአት ስትናገር የእርስዎ ስም አብሮ መነሣቱ አይቀርምና እርስዎን የማያውቅ ጆሮ ፈልጋለች። ለአዲሱ አባቷ ምን እንዳለች አላውቅም፤ እርስዎም እንዳይጠይቋት። የሁለት ሰው በደል ላይ አንዱ ደህና እንቅልፍ ሲተኛ ሌላው የሁለቱን ይሸከማል። ሌሊት የምትሰግደው ለሁለት ነው።

አሁን ወደ ጸጋው ልምጣ። እኔ ካህን አይደለሁም፤ ትምህርቱን ከመምህራኑ ይጠይቁ። ግን የተናገሩትን ትምህርት ስሕተት ነው የሚል ሰው አላውቅም። መዳን በሥራችን ብልጫ የሚገኝ ቢሆን ማናችን እንተርፍ ነበር? የከበደኝ ቃሉ የወጣበት አፍ ነው። መሬቱን ይዞ ያለው ሰው «ይቅር ተብለሻል፣ እርሺው» ሲላት ባለቤትዎ የምትሰማው ምሕረትን አይመስለኝም፤ «ነገሩ ተዘግቷልና አታንሺብኝ» የሚለውን ነው። ያው ቃል ከእህትዎ አፍ ቢወጣ ምናልባት በዚያው ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ያነሱትን የበላዔ ሰብን ታሪክ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጥርኝ ውኃ የ78 ነፍስ ዋጋ ሊሆን አይችልም፤ ምሕረቱ ምሕረት ነው። ቢሆንም ለዚያ ለተጠማው ድሃ ከእጁ አንድ ነገር ወጥቷል። በናንተ ቤት እስካሁን ከማንም እጅ ምንም አልወጣም።

የዘኬዎስን ታሪክ በሉቃስ 19 እንደገና ያንብቡልኝ። ጌታ ወደ ቤቱ ሲገባ ቅድሚያ የወሰድከውን መልስ አላለውም። እንዲያው ገባ። ዘኬዎስ ተነሥቶ የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው እንግድነቱን ካገኘ በኋላ ነው። ስለዚህ መሬቱን መመለስ የይቅርታ መግዣ ነው አልልዎትም፤ እንደዚያ ካሰቡት ሌላ ንግድ ይሆናል። ሰው መወደዱን በእርግጥ ሲያውቅ ጨብጦ የያዘውን ይለቃል፤ እርስዎ ግን የፈለጉት ባለቤትዎ እንድታርፍ፣ የእርስዎ እጅ ግን እንደጨበጠ እንዲቆይ ነው። ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ትዝ ቢልህ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ የሚለው ቃልም አለ፣ ማቴዎስ 5 ላይ። ባለቤትዎ ቁርባን አቆመች ብለው ከሰሷት። እኔ ሳነበው ቃሉን ቃል በቃል የያዘች፣ መባዋን አስቀምጣ የሚሄድ ሰው የምትጠብቅ ሴት መሰለችኝ። (በሐሰት ምስክር የተወሰደውን የናቡቴን የወይን እርሻ አላነሣብዎትም፤ እሷ ግን ሳታስበው አትቀርም።)

ክፉ ሰው ነዎት ማለቴ አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሦስት ልጅ ይዞ ጥቂት ጥማድ የሚያርስ ሰው መሬት ሲከፈል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ስስት ነው ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ኤርምያስ የሰው ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ ነው ያለውን ስናነብ ግን ስለ ነፍሰ ገዳይና ስለ ዘራፊ የተነገረ ይመስለናል። በሥራዬ ያየሁት ተንኰል አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፦ «ማንም አያስታውስም»፣ «ነገሩ በዚያው አለቀ»፣ «አጥፍተሽም ቢሆን»። ሲሰሙ ውሸት አይመስሉም። ሁሉም ግን ተናጋሪውን ከስፍራው ያወጡታል። ሽማግሌዎቹ ፊት ከመቅረቧ በፊት በነበረው ማታ ቤት ውስጥ ምን ተባባላችሁ? ስለዚያ ማታ አንድ ቃል አልጻፉልኝም። ማይልኝ ብለዋት ላይሆን ይችላል። «ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?» ብሎ እሳቱን እያዩ ዝም ማለትም ይበቃ ነበር። እሷ ግን ያን ማታ የረሳችው አይመስለኝም።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ከሩቅ ሆኜ የምለው ጥቂት ነው። በመሬቱ አይጀምሩ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ «እናቴ ምን እንዳሉ ንገሪኝ፤ አልቆጣም» ይበሏት፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉ፣ ጥቅስም አይጥቀሱ። በመጀመሪያው ቀን ላትናገር ትችላለች፤ አራት ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ማታ አይከፈትም። ምናልባት እናትዎ በእርግጥ ለእርስዎ ብለው ይሆናል፤ ያኔ እኔም ተሳስቻለሁ፣ እሷም የምትፈራው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። የተናገረችው እኔ የገመትኩትን ከሆነ ግን እርስዎ ብቻዎን፣ ለራስዎ፣ ወደ ነፍስ አባትዎ ቢሄዱ መልካም ይመስለኛል። መሬቱን ማካፈል፣ በስጦታ ማዛወር ወይም ለጊዜው በእኩል ማሳረስ የመሳሰለውን በኋላ ከሽማግሌዎችና ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገሩበታል።

ጎን ለጎን ባለቤትዎ ትታይ። እንቅልፍ አጥታ፣ ከስታ፣ አራት ዓመት የቆየች ሴት በነገሩ መፈታት ብቻ ላታገግም ትችላለች፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ካሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ያገኛሉ። ጠበሉን ከፈለገች ጠበሉም ይቀጥል፤ የታዘዘላትን መድኃኒት ግን በራሷ እንዳታቋርጥ። ሞትን የምትመኝ ቃል ከአፏ ከወጣ ደግሞ የሁለታችሁ ወሬ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይዘዋት ይሂዱ፣ ብቻዋንም አይተዉአት። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አብረው ቢገቡ ደስ ይለኛል፤ ሐኪሙ ከእሷ ብቻ ቢሰማ ታሪኩን ግማሽ ነው የሚያገኘው።

እህትዎ ደግሞ በሩን ላትከፍት ትችላለች። ብትሰድብዎት፣ «አሁን ነው የታወስኩት?» ብትል፣ መሬቱን ተቀብላ ሰላምታውን ብትነፍግዎት መብቷ ነው። ያን ጊዜ እሷም ይቅር እንድትል እንዴት ላሳምናት ብለው አይጻፉልኝ። ደጀን ሩቅ አይደለም፤ ደግመው ይሂዱ።