መሬቱ ሲነቃነቅ ሳይረን አትጠብቁ፦ ከዋቱልኮ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ሜክሲኮ፣ ዋሃካ ግዛት፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ባለችው ዋቱልኮ ነው። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ናቸው። ልጆች ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስላሉበት ቶሎ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ለገና ወደ ዋቱልኮ ቲኬት ቆርጠናል። እንሰርዘው ወይስ እንምጣ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ኑ። መቼ እንደሚንቀጠቀጥ የሚያውቅ ሰው የለም። በዚህ ቀን ይመጣል የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ውሸት ነው። ሆቴል ስትገቡ ግን ሻንጣ ሳትፈቱ ደረጃው የት እንዳለ እዩ። ከዚያ ከባሕሩ ወደ ከፍታ የሚወጣውን መንገድ አንዴ በእግራችሁ ሂዱበት። ልጆቹም አብረው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እዚያ አገር ከመንቀጥቀጡ በፊት ሳይረን ይጮሃል አሉኝ። ታዲያ ምን ያሰጋል?

ይጮሃል፣ እውነት ነው። «አሌርታ ሲስሚካ» (የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ) የሚለውን ድምፅ እዚህ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ግን ትንቢት አይደለም። በባሕሩ ዳርቻ የተተከሉ መሣሪያዎች የመጀመሪያውን ንቅናቄ ሲይዙ በሬዲዮ መልእክት ይልካሉ። ሬዲዮው በቅጽበት ይደርሳል። ቤት የሚያናውጠው ሞገድ ግን የሚጓዘው በሰከንድ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መነሻው ባሕር ዳር ከሆነ፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ሜክሲኮ ሲቲ አንድ ደቂቃ ያህል ታገኛለች።

እኛስ? እኛ ያለነው መነሻው ላይ ነው። ኮኮስ የተባለው የውቅያኖስ ወለል በየዓመቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ እየተገፋ የሚገባው በእኛ ስር ነው። ስለዚህ ሳይረኑ ከመንቀጥቀጡ እኩል ሊጮህ፣ አንዳንዴም ሊቀደም ይችላል።

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2020፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ጀበናውን ከእሳት ላወርድ ስል ወለሉ እንደ ጀልባ ዋለለ። መጠኑ 7.4 ነበር። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ውሃው እየዘለለ በመስኮቱ ላይ ወረደ። ከድምፅ የማስታውሰው የብርጭቆውን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቡና እግሩን ያዙ፣ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ። እየተናወጠ ደረጃ ላይ አትሩጡ። ሲያቆም ጋዙን ዝጉ።

ጥያቄ፦ ሱናሚ ቢመጣ ስንት ደቂቃ አለን?

ትንሽ። ሩብ ሰዓትም ላይሞላ ይችላል። በ2020ው ቀን ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። የዳርቻው ድንጋይም ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ማዕበሉ ትንሽ ስለነበር ተረፍን። ባሕር ሲሸሽ ለማየት አትውረዱ፣ እባካችሁ።

ሌላው የሚያስፈራኝ ቀስ ያለው መንቀጥቀጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ኮሊማ ግዛት ውስጥ፣ ጁን 3 ቀን ከ8 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ መታ። ኩዩትላን የተባለችውን የባሕር ዳር መንደር ያጠፋት ግን እሱ አልነበረም። ጁን 22 ቀን ከእሱ በጣም ያነሰ መጣ፣ ከኋላው የተነሳው ማዕበል መንደሯን ጠራርጎ ወሰደ። ስለዚህ ጥንካሬውን ብቻ አትለኩ። ለስላሳም ቢሆን ከረዘመ፣ እንዳቆመ ወደ ከፍታ ውጡ። በእግር፤ መኪና መንገድ ይዘጋል። «ተመለሱ» እስክትባሉም እዚያው ቆዩ።

ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከፈንታሌ በኩል የተነሳው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶን ነበር። ያው ነው? (እናት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ)

አይደለም እማማ። እዚያ መሬቱ ወዲያና ወዲህ እየተሳበ ይከፈታል፣ ቅልጥ አለትም ከስር ይገፋል። እዚህ አንዱ ከሌላው ስር ይገባል። የሚታመቀው ኃይል ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 እዚህ ሜክሲኮ ከቺያፓስ ግዛት ዳርቻ የተነሳው 8.2 ነበር። ጠረጴዛ ስር መግባቱ ግን ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ለሥራ እዚሁ ዋሃካ ነን። የስድስት ዓመት ልጄ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ብቻዋን አልተኛም አለች። «ሁለተኛ አይመጣም» ልበላት?

አትበያት። ይመጣል፣ ያኔ አንቺንም አታምንሽም። አቅፈሽ አስተኛት፣ ለጥቂት ሳምንት አብራችሁ ተኙ። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 19 አገር አቀፍ ልምምድ አለ፤ እስከዚያ አትጠብቂ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ ተለማመዱት። ሥራም ስጫት። የእጅ ባትሪውን እሷ ትያዝ። ማታ ማታ ደግሞ የሁላችሁንም ጫማ በየአልጋው አጠገብ ትደርድር፤ በጨለማ የተሰበረ ብርጭቆ ላይ በባዶ እግር እንዳትወርዱ።