ባለቤቴ አያለቅስም፣ ይቆጣል፤ ይህም ድብርት ነው?

ጥያቄ፦ በአዳማ የምኖር የ37 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር 13 ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ሁለተኛውን ልጅ ከወለድኩ በኋላ ለዓመታት በድብርት ተሠቃይቻለሁ። እያለቀስኩ ነበር የምውለው፤ ከአልጋ መነሳት ያቅተኝ ነበር። አሁን ሐኪም ያዘዘልኝን አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ እየወሰድኩ ደህና ነኝ። የሚያስጨንቀኝ ባለቤቴ ነው። በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ያሽከረክራል። ድሮ ተጫዋች ነበር፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን በትንሽ በትልቁ ቱግ ይላል፣ ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ ይደበቃሉ። እጁን አንስቶብን አያውቅም። እንቅልፍ የለውም፤ ጫቱም ጨብሲውም ጨምሯል። ረዳቱ «ኩርባ ላይ ደርቦ ማለፍ ጀምሯል፣ ፈራሁ» ብሎኛል። በቀደም ደግሞ «እኔ ብሞት ለእናንተ ይሻላል» አለ። ድብርት ይሆን እንዴ ስለው «እሱ የሴት በሽታ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ከእኔ መድኃኒት ግማሿን ሻይ ውስጥ ብጨምርለት ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ከመድኃኒቱ ልጀምር። አትስጪው፤ ግማሿንም ሩቧንም። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍና መፍዘዝ ያመጣል፤ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይብሳል። አንቺ ወስደሽ ትተኛለሽ፤ እሱ ግን ምን እንደጠጣ ሳያውቅ ተሳቢ እየጎተተ የአዋሽንና የሚሌን መንገድ ሊይዝ ይችላል። መድኃኒቱ የልብ ምትንም ስለሚነካ፣ ሐኪም ስለ ሰውዬው ጤና ሳይጠይቅ አያዝዘውም። ደግሞም አንድ ቀን ቢደርስበት ከዚያ በኋላ በእጅሽ የቀረበለትን ነገር ሁሉ ይጠራጠራል፤ ሕክምና የሚባለውን ነገር እስከነአካቴው ሊጠላው ይችላል። ሐሳቡ ከፍቅርና ከጭንቀት እንደመጣ ይገባኛል። ቢሆንም አታድርጊው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ «እኔ ብሞት ለእናንተ ይሻላል» ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ቃል በንዴት የተወረወረ ነው ተብሎ አይታለፍም። በዓለም ደረጃ ራሳቸውን ለማጥፋት የሚሞክሩት ይበልጥ ሴቶች ናቸው፤ በዚህ መንገድ የሚሞቱት ወንዶች ግን ከሴቶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ናቸው። ስለዚህ በግልጽ ጠይቂው፦ «መሞትን ታስባለህ እንዴ? እንዴት ብለህስ አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አእምሮው ውስጥ አይተክልም፤ ብዙ ሰው እንዲያውም ሲጠየቅ ሸክሙ ይቀልለታል። አስቤያለሁ፣ መንገዱንም አውቄያለሁ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ መሪ አይጨብጥ፣ በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የራስሽንም መድኃኒት ዛሬውኑ ቆልፊበት። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተወሰደ ይገድላል፤ አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።

ድብርት ነው ወይስ አይደለም? በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ የጻፍሽው ግን በጣም ያስጠረጥረኛል። ድብርት በሴቶች ላይ በወንዶች ከሚታየው ሁለት እጥፍ ገደማ ይታያል፤ ልዩነቱም የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ከሆርሞን ለውጥ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር የሚያያዝ ምክንያት አለው፤ የቤት ውስጥ ሸክምና ጥቃትም ድርሻ አላቸው። ባለቤትሽ «የሴት በሽታ» ያለው ምናልባት አንቺን አይቶ ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩን የሚወስነው ስለ የትኞቹ ምልክቶች እንደተጠየቀም ጭምር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰበሰበ መረጃን እንደገና መረመረ። ከተለመዱት ምልክቶች፣ ከሐዘንና ከተስፋ መቁረጥ ጋር፣ ቁጣን፣ መጠጥና ሱስን፣ አደጋ ውስጥ ዘሎ መግባትን ጨምሮ ሲቆጥር በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ጠበበ፦ ሴቶች 33.3 በመቶ፣ ወንዶች 30.6 በመቶ። ቁጥሩ የአሜሪካኖች ነው፤ ወደ አዳማ አምጥቼ አልለጥፈውም። ቁጣው፣ መጠጡና ኩርባ ላይ ደርቦ ማለፉ ግን አንቺ ከጻፍሽው ጋር አንድ ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ሰው ሐዘኑን የሚያወጣበት በር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለሕክምና እኛ ዘንድ ሲመጣም «ከፍቶኛል» አይልም፤ ጨጓራዬን፣ ራሴን፣ እንቅልፌን ነው የሚለው።

አንቺ ድብርትን የምታውቂው በራስሽ ላይ በደረሰው መልክ ስለሆነ፣ እንባና አልጋ ስታጪ ሌላ ነገር ቢመስልሽ አይገርምም። በተለይ ሲቆይ መለየቱ ይከብዳል። በአዋቂ ሰው ላይ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ድብርት ሥር የሰደደ ይባላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ቤተሰቡ «ጠባዩ ነው» ብሎ ለምዶት ይቀመጣል። አንቺ «ድሮ ተጫዋች ነበር» ብለሻል። ይህን ቃል ለሐኪሙም ንገሪው፤ ከየትኛውም መጠይቅ የበለጠ ይጠቅመዋል። በሌላ በኩል ጫትና እንቅልፍ ማጣት ብቻቸውን ሰውን ቱግ ባይ ያደርጋሉ፤ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ችግርም ድብርት ይመስላል። እነዚህን የሚለየው ምርመራ ነው።

ሕክምናውን በተመለከተ «የወንድ መድኃኒት፣ የሴት መድኃኒት» የሚል ወሬ ሰምተሽ ይሆናል። መሠረት የለውም አልልም። በ2000 እ.ኤ.አ. ሥር የሰደደ ድብርት ያለባቸው 635 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ሁለት የድብርት መድኃኒቶች ሲነጻጸሩ ሴቶቹ ለሰርትራሊን፣ ወንዶቹ ለኢሚፕራሚን የተሻለ ምላሽ አሳይተዋል፤ በሴቶቹ ላይ ልዩነቱ የታየው በዋናነት የወር አበባቸው ገና ባልተቋረጠው ላይ ነው። ኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። ስለዚህ ሐኪም በጾታ ብቻ አይመርጥም፤ የልብ ጤናን፣ ሥራን፣ መጠጥን፣ ሴት ከሆነች እርግዝናን ይጠይቃል። ለሾፌር እንቅልፍ የማያበዛውን ይፈልጋል።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው በዚያው ዓመት የታተመው ሌላው ጥናት ነው። ሥር የሰደደ ድብርት ያለባቸው 681 ሰዎች ለ12 ሳምንታት ታከሙ። መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 48 በመቶው፣ የንግግር ሕክምና (ከባለሙያ ጋር ስለ ችግራቸው እየተነጋገሩ የሚታከሙበት) ብቻ ካገኙት ደግሞ ያው 48 በመቶው ተሻላቸው፤ ሁለቱን አብረው ያገኙት ግን 73 በመቶ ደረሱ። (የዚያ ጥናት መድኃኒት በኋላ ጉበት በመጉዳቱ ከብዙ አገሮች ገበያ ወጥቷል፤ ሁለቱን የማጣመሩ ሐሳብ ግን ዛሬም ይሠራል።) ወንዶች ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ይመርጣሉ፦ «ክኒን ስጡኝ፣ ወሬ አልፈልግም»። ባለቤትሽም እንዲህ ካለ ክኒኑን ይጀምር፤ ንግግሩ ሲተኛና ሲረጋጋ ይመጣል።

ከጀመረ በኋላ ሁለት ነገር እወቂ። ለውጡ በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው የሚታየው። ሁለተኛው የሚታፈርበት ነው፦ እንደ ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ፣ እርካታን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ብዙ ወንድ ይህን ለሚስቱም ለሐኪሙም ሳይናገር መድኃኒቱን በድብቅ ያቆማል። መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ስለሚችል አስቀድመሽ ብታነሺለት አይከፋም።

አሁን እንዴት ትናገሪዋለሽ? ከጉዞ በገባበት ሰዓት አይሁን፤ በምርቃናም በጨብሲም ሰዓት አይሁን። ተኝቶ፣ በልቶ፣ ልጆቹ በሌሉበት ይሁን። «ድብርት» የሚለውን ቃል ለጊዜው ተዪውና ከእንቅልፉ ጀምሪ፦ «ከተኛህ ስንት ጊዜ ሆነህ? ረዳትህ ፈርቷል፣ እኔም ፈርቻለሁ።» ለእንቅልፍና ለደም ግፊት መታየት ለወንድ ልጅ አያሳፍርም፤ ያው ሐኪም ቀሪውን ይጠይቃል። የሚያከብረው የሥራ ጓደኛ ወይም የሃይማኖት አባት ካለ እንዲያናግረው አድርጊ። ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ለጠበል ብሎ እንዳያቋርጥ። ቁጣው ወደ ዱላ ከተለወጠ ደግሞ ሕመሙ ምክንያት አይሆንም፤ ልጆችሽን ይዘሽ ከዘመድ ዘንድ ሁኚ።

ሞትን አስባለሁ ካላለሽ አንድ ቀላል መንገድ አለሽ። አንቺ የሕክምና ክትትል አለሽ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «አብረኸኝ ግባ፣ ሐኪሜ ቤተሰብ ማየት ይፈልጋል» በይው፤ ለሐኪምሽም ቀድመሽ ስልክ ደውለሽ ወይም አስቀድመሽ ገብተሽ ሁኔታውን ንገሪው። ለራሱ አልሄድም ያለ ወንድ ሚስቱን ለማጀብ ይሄዳል። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ እንዲቀርብ ጠይቂ፤ አንቺም የራስሽን መድኃኒት ሳታጎድዪ ውሰጂ።