የግል ወይስ የመንግሥት? ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ደብረ ማርቆስ ነኝ። 14 ዓመት በመንግሥት፣ 8 ዓመት በግል ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። ነሐሴ ሲገባ ስልኬ አያርፍም፣ እስኪ ዘንድሮ አንድ ላይ ጠይቁኝ። ቀድሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ክፍሉን ገብታችሁ ሳታዩ እንዳትመዘግቡ።

ከቡሬ፦ መምህር፣ ለአንደኛ ክፍል የቱ ይሻላል?

መምህሩ፦ የቱ ከየቱ? ሄደሽ ክፍሉን እዪና ተመለሺ።

ከባሕር ዳር፦ ልጄ የግል ዩኬጂ ጨርሳለች። እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች። የመንግሥት ብናስገባት ይጠፋባታል ብለን ፈራን።

መምህሩ፦ አማርኛ ታነባለች ወይ? እንግሊዝኛ አያስፈልግም አላልኩም፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርቱ በእሱ ነው። የግል ሳስተምር ግን አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ፣ «ማይ ኔም ኢዝ» ብሎ ከጀመረ እስከ አያቱ ሳይቆም ይዘልቃል። የአማርኛ መጽሐፍ ስሰጠው «ቤት» እና «ቤተ» አልለይ ብሎት በላብ ተጠመቀ። እንግሊዝኛውንም ከመሃል ጀምር ስለው ቆመ፣ ለካ ሁሉም ሽምደዳ ኖሯል። እናቱ ደግሞ በየወሩ ትከፍላለች። ማንበብ መጀመሪያ የሚለመደው አፍ በፈቱበት ቋንቋ ነው፣ እዚያ የተሰነካከለ ልጅ በእንግሊዝኛው አይድንም። ዛሬ ማታ አይታው የማታውቀውን አንድ ገጽ አስነብቢያት። ከዚያ ያነበበችውን በራሷ አፍ ትንገርሽ። ካቃታት እስካሁን የከፈልሽው ለዩኒፎርሙ ነው።

ከሞጣ፦ ለዚህማ ክረምቱን የኔታ ዘንድ መላክ ነው። እኛ ዳዊት ደግመን ነው አንደኛ ክፍል የገባነው።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ልጄን በአለንጋ አላስተምርም።

ከሞጣ፦ አለንጋ ማን አነሳ? የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ የወጣበት አገር ተቀምጠሽ የኔታን ትንቂ?

ከደጀን፦ ጎንጅ እያለ ዋሸራን ምን አስቀደመህ?

መምህሩ፦ በቃ! ቅኔውን ሌላ ቀን። ፊደል ለማስቆጠር የኔታ ጥሩ ናቸው፣ የእኔም ልጅ ሄዷል። ቀጥሉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ 12ኛ ክፍል የሚያሳልፈው የግል ነው ይባላል።

መምህሩ፦ በ2014 ዓ.ም. ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2። በሁለቱም ዓመት አንድም ልጅ ያላሳለፈው ትምህርት ቤት ከ1000 በላይ ነበር። ስለዚህ በር ላይ በተሰቀለው ባነር አትታለል፣ ባነር ላይ የሚወጣው አንደኛ የወጣው ልጅ ፎቶ ነው። ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ በል። ሲያስገቡ ፈትነው ጎበዝ ጎበዙን ለቅመው ከሆነ ደግሞ ያሳለፈው ትምህርት ቤቱ ይሁን ልጁ፣ አንተው ፍረድ።

ከዳንግላ፦ ክፍያው ስንት ነው?

መምህሩ፦ ገንዘብ ያዥ አይደለሁም። ወርሃዊውን ብቻ ግን አትይ። ምዝገባ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ባጃጅ ደምር። ሦስተኛ ዓመት ላይ አቅም አጥቶ ልጁን ከጓደኞቹ ነጥሎ ማስወጣት ከመጀመሪያው አለማስገባትን ያስመኛል።

ከቢቸና፦ የእኛ ሰፈር የመንግሥቱ ክፍል 70 ልጅ ነው እኮ።

መምህሩ፦ አንቺ ቆጥረሻል፣ እግዜር ይስጥሽ! አሁን የኢንስፔክሽን ደረጃውን፣ ማለትም መንግሥት ትምህርት ቤቱን መርምሮ የሰጠውን ደረጃ ጠይቂ፣ ከ1 እስከ 4 ነው፣ መስፈርቱን አሟላ የሚባለው 3 ሲደርስ ነው። ለግሉም ይህንኑ ጠይቂ፣ የግል ስለሆነ ብቻ 3 አይሆንም። የወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ስብሰባም ግቢ፣ 70 ልጅ ያለበት ክፍል ለሁለት የሚከፈለው ወላጅ ሲጮህ ነው።

ከደምበጫ፦ ትምህርት ተቋርጦ ልጄ ቤት ዋለ። ስንተኛ ላስገባው?

መምህሩ፦ የእኔም ውሏል። በቁመቱ ሳይሆን በሚያነበው መድበው።

ከአዴት፦ መምህር፣ በአጭሩ የቱ ይሻላል?

መምህሩ፦ ክፍሉን አይተሃል?

ከአዴት፦ አላየሁም።

መምህሩ፦ እንግዲያ ምን ልሁንልህ።