ወርቅ ቡናን በለጠ፤ የጂኦሎጂ ዲግሪዬስ?

«በጂኦሎጂ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አራዳ ገበያ አጎቴ ሱቅ ነው የምውለው። በዜና ወርቅ ቡናን በለጠ ሲባል እሰማለሁ፤ ጂኦሎጂስት የሚፈልግ ማስታወቂያ ግን አላይም። አጎቴ ‹ቤኒሻንጉል ወርቅ የሚያወጡ ልጆች ጋር 150,000 ብር እናስገባ፣ አንቺ ትቆጣጠሪያለሽ› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ሴት ልጅ በረሃ ለበረሃ አትንከራተትም፣ ማስተርስሽን ቀጥዪ› ትላለች። ምን ይሻለኛል?» ከጎንደር፣ ማራኪ

እህቴ፣ ዜናው አልዋሸሽም። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ቡና ደግሞ ወደ 2.65 ቢሊዮን አስገብተዋል። ግን ያ ሁሉ ወርቅ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲፈቀድ ብሔራዊ ባንክ ለወርቅ የሚከፍለው ከኮንትሮባንዱ ዋጋ ጋር ተቀራረበ፣ በጓሮ ይወጣ የነበረውም በደጅ መውጣት ጀመረ። የዓለም ዋጋም አብሮ ናረ። አብዛኛውን ያወጡት በዶማና በአካፋ የሚሠሩ ባህላዊ አምራቾች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጂኦሎጂስት አይቀጥሩም። ማስታወቂያ ያጣሽው ለዚህ ነው።

የሚቀጥሩት ትልልቆቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን አለ፣ ቤኒሻንጉል ውስጥ የኩርሙክ የወርቅ ፕሮጀክት አለ። አመልክቺ፣ ግን ተስፋሽን ሁሉ እዚያ አታስሪ። ለገደንቢ እንኳ በ2010 ዓ.ም. ነዋሪው በጤናው ላይ ባነሳው አቤቱታ ታግዶ ለዓመታት ቆሞ ነበር።

እኔ የምልሽ ወርቁን ለጊዜው ተይውና ወደ ውሃና ወደ ድንጋይ ዙሪ ነው። የፋሲል ግንብ የታነጸበት ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ያለውም መሬት ጭምር፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። (ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።) ወርቁ በብዛት ያለው ከባዛልቱ በታች ባለው አሮጌ አለት ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ፊቱን ያወጣው በአሶሳ፣ በአዶላና በትግራይ በኩል ነው። ጎንደር ያለሽ ባዛልት ስንጥቁ ውስጥ የያዘው ውሃ ነው። ቢጫ ጀሪካን በተሰለፈበት ከተማ «እዚህ ቆፍሩ፣ እዚህ ላይ አቁሙ» የሚል ሰው ሥራ አያጣም። የጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅቶችን፣ የመንገድ ተቋራጮችን፣ ካባና ጠጠር ማምረቻ ያላቸውን ዙሪያቸው። ሲሚንቶውም አለ፤ ደጀንና ለሚ የኖራ ድንጋያቸውን የሚያጠናላቸው ይፈልጋሉ። ጭልጋ ያለውን የድንጋይ ከሰልም ሄደሽ እዪው፤ ከቤትሽ ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ የቁፋሮ ድርጅት ሥራ ፈላጊዎችን ሲፈትን ከጠያቂዎቹ ጋር እንድሆን ጋብዞኝ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ ክንድ የሚያህል ኮር፣ ከጉድጓድ ተቆፍሮ የወጣ የአለት ናሙና፣ ተጋድሟል፤ አቧራ ለብሷል። ሦስት ተመራቂዎች ተራ በተራ ገብተው በቃሉ እንደሸመደደ ሰው የማዕድን ስም ደረደሩ። አራተኛዋ ዞር ብላ «ውሃ ይኖራችኋል?» አለች። ከሃይላንዱ አፍስሳ ኮሩን በመዳፏ አሸችው፤ ስንጥቁና በስንጥቁ የገባው ነጭ ደም ሥር ወለል ብሎ ታየ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልቀረበላትም። ውጤቷን ኋላ ሳየው ከሦስቱ የሚበልጥ አልነበረም። አንቺም ደመወዙ ቢያንስ እንኳ ስድስት ወር ሪግ (የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን) ሥር ቁሚ፤ የሠራሽውን የጉድጓድ መዝገብ ኮፒ በስምሽ ያዢ። ማታ ማታ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ተለማመጂ፣ በነጻ ይገኛል።

እናትሽ የሚሉት ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ መንገዱንም ጊዜውንም ያውቁታል። ውል ሳትፈርሚ ካምፑ ውስጥ ለሴት የተለየ ማደሪያና መጸዳጃ መኖሩን፣ ከተማ የሚያደርስ መኪና መኖሩን ጠይቂ። መልሱ «እሱ ይታሰብበታል» ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ማስተርሱ አይቀርም፤ ግን ከመስክ ሥራ በኋላ ይሁን፣ ቢቻል በከርሰ ምድር ውሃ።

የአጎትሽን ነገር አልወደድኩትም። ባህላዊ ማዕድን ማውጣት በሕግ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ በልጆቹ ስም ከሆነ የእናንተ 150,000 ብር ምንም ወረቀት የለውም፤ ጉድጓዱ ተደርምሶ ሰው ቢጎዳ ግን «ተቆጣጣሪዋ ማን ነበረች?» መባሉ አይቀርም። ዛሬ ማታ ሱቁ ሲዘጋ አጎትሽን «ፈቃዱ በማን ስም ነው? ወረቀቱን ላየው እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸውና መልሳቸውን ጻፊልኝ።