የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቴሌስኮፑ ሳይሠራ ሐሳብ የሚሰጠው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በአሜሪካ ሊገነባ ስለታሰበው አዲስ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ስብስብ ሳነብ፣ ዲዛይኑ ገና ሳያልቅ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ሐሳብ እንዲሰጡ መጠየቃቸውን ተመለከትሁ። ቴሌስኮፕ መንደፍ የመሐንዲስ ሥራ ሆኖ ሳለ የተመራማሪዎች አስተያየት ምን ይለውጣል? እንደ እኛ ካለ አገር የሚጽፍ ሰውስ ሰሚ ያገኛል?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ መሐንዲሱ ዲሽ እንዴት እንደሚቆም ያውቃል፤ የት የት እንደሚቆም ግን የሚወሰነው ምን እንዲታይ እንደተፈለገ ከታወቀ በኋላ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ረጅም በመሆኑ አንድ ዲሽ ብቻውን ሰማዩን አጥርቶ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ብዙ ዲሾች ተራርቀው ይተከሉና የየሁለቱ ምልክት እየተጣመረ ምስል ይወጣል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመረቀው ቪኤልኤ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ስብስብ 27 ዲሾች ስላሉት በአንድ ጊዜ 351 ጥንዶች ይኖሩታል ማለት ነው።

ነገሩ የሚከብደው እያንዳንዱ ጥንድ የሚያየው በመካከሉ ባለው ርቀት ልክ በመሆኑ ነው። የሃይድሮጅን ጋዝ የሚለቀውን የ21 ሴንቲ ሜትር ሞገድ እንውሰድ። ሁለት ዲሾች በ1 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ የሚለዩት፣ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ለ40 ያህል ብንከፍለው አንዱን ክፍል የሚያህል ነገር ነው። ርቀቱ 36 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የጨረቃን ስፋት ለ1,500 የመክፈል ያህል ዝርዝር ይገኛል፤ ነገር ግን ያው ጥንድ በአንድ ጋላክሲ ዙሪያ ሰፍቶ የተንሰራፋውን ስስ ጋዝ ጨርሶ አያየውም። ስስ ጋዝ የሚያጠና ተመራማሪ ዲሾቹ እንዲቀራረቡ ይፈልጋል፤ አዳዲስ ፕላኔቶች በኮከባቸው ዙሪያ እንዴት እንደሚፈጠሩ ማየት የሚፈልገው ደግሞ እንዲራራቁ ይሻል። ዲሹና ገንዘቡ የተወሰነ ስለሆነ ሁለቱም የፈለጉትን ሙሉ በሙሉ አያገኙም፤ መሠረቱ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ክርክሩ አይረባም።

እርስዎ ያነበቡለት፣ የቪኤልኤ ተተኪ እንዲሆን የታቀደው ስብስብ ይህን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎች ከ80 በላይ የአጠቃቀም ሐሳቦችን አቅርበው፣ እነዚያ ተጣርተው ወደ 5 ዋና ዋና የሳይንስ ግቦች ተጠቃለዋል። በዕቅዱ 18 ሜትር ስፋት ያላቸው 244 ዲሾች ሲኖሩ፣ ከእነርሱ ሌላ 6 ሜትር ብቻ የሆኑ 19 ዲሾች ተጠጋግተው እንዲቆሙ መደረጋቸው ትልልቆቹ የሚያመልጣቸውን የተንሰራፋ ነገር ለመያዝ ነው። የላይኛው የድግግሞሽ (ሞገዱ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ወሰን 116 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 116 ቢሊዮን ጊዜ፣ መሆኑም እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም፤ ከዋክብት የሚወለዱበትን ቀዝቃዛ ጋዝ የሚያመለክተው የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞገድ 115.3 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ወሰኑ በ110 ቢቆም ኖሮ በእኛው ጋላክሲ ያለው ይህ ዋና ምልክት ከደጅ ይቀር ነበር።

የተመራማሪ ቃል ይበልጥ የሚፈተነው ገንዘብ ሲያጥር ነው። በደቡብ አፍሪካ ካሩና በምዕራብ አውስትራሊያ በመገንባት ላይ ያለው ኤስኬኤ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዓለም አቀፍ ጥረት ሆኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን ግንባታው የተጀመረው በ2021 ነው። በመካከሉ፣ በ2013፣ የወጪ ጣሪያው 650 ሚሊዮን ዩሮ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ2015 በተደረገው ክለሳም ለካሩ የታሰቡት 254 ዲሾች ወደ 197 ዝቅ ሲሉ፣ በአውስትራሊያ ሊሠራ የነበረ ሌላ የዲሾች ስብስብ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ምኑ ይቆረጥ፣ ምኑ ይትረፍ ሲባል ሚዛኑ ተመራማሪዎቹ ቀድመው በጽሑፍ ያቀረቧቸውና በቅደም ተከተል ያስቀመጧቸው ጥያቄዎች ነበሩ። በጽሑፍ ያልቀረበ ጥያቄ በእንዲህ ያለው ጉባኤ ላይ ጠበቃ የለውም።

እንግዲህ ሰሚ ስለማግኘት ላነሡት፦ የሚደመጠው አገሩ ሳይሆን ቁጥሩ ነው ብለን እናምናለን። «ይበልጥ ኃይለኛ ይሁን» የሚል አስተያየት ማንንም አይረዳም። የሚጠቅመው ሊታይ የተፈለገው ነገር ምን ያህል ደብዛዛ እንደሆነ፣ በየትኛው ድግግሞሽ እንደሚታይ፣ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚያስፈልገውና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስልቶ ማቅረብ ነው። በወሎ ወይም በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ይህን ለማስላት ዲሽ በግቢው መኖር የለበትም። የቪኤልኤ መረጃ ምልከታውን ላስደረጉት ተመራማሪዎች የተጠበቀው ጊዜ ሲያልፍ ለማንም ክፍት ስለሚሆን፣ ያንን ወስዶ መተንተንና ነባሩ ቴሌስኮፕ የት ላይ እንደሚያቅተው ማሳየት ይቻላል። እኛ ብንጠየቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ አናውቅም።

ጥያቄ፦ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች ለቴሌስኮፕ ምቹ ናቸው ሲባል እንሰማለን። የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ስብስብስ ሊተከልባቸው ይችላል? (ከላስታ)

መልስ፦ በላሊበላ ዙሪያ የተጠናው ለኦፕቲካል፣ ማለትም በዓይን የሚታየውን ብርሃን ለሚቀበል ቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ ነው፤ ለእርሱ እንደ አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ከፍታ ትልቅ ጸጋ ነው። በሴንቲ ሜትርና በሜትር ሞገድ ለሚሠራ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ግን የተራራ ጫፍ ብዙ ጊዜ አይመረጥም፤ ከሩቅ ያለ የሞባይል ማማ ሁሉ በቀጥታ ስለሚያገኘው ነው። የሚሻለው ተራራ የከበበው ሜዳ ነው። የቆቦ ሜዳ በመልክዓ ምድሩ ይህን ይመስላል፤ ሆኖም ገበሬው የሚያርስበት፣ ከተሞችና ዋና መንገድ ያሉበት ለም መሬት በመሆኑ ሰውን አንሥቶ ዲሽ መትከል የሚታሰብ ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ካሩን ቴሌስኮፕ ከሚረብሹ የሬዲዮ ሞገዶች በሕግ የጠበቀችው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ እዚያም የረዳት አካባቢው ሰው የማይበዛበት መሆኑ ነው።

ወሎ በእርግጥ የምትታደልበት ነገር አለ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ በመሆኗ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ታያለች፤ የጋላክሲያችን መካከል ከላሊበላ ሲታይ ከአድማስ እስከ 49 ዲግሪ ይወጣል። በተጨማሪም በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ቴሌስኮፖች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ፣ በመሃል የምትቆም አንድ ዲሽ እንኳ ከሁለቱም ጋር ስትጣመር ብዙ ታግዛለች። ስለዚህ ለአካባቢያችን የሚቀርበው ሐሳብ ስብስብ ሳይሆን አንድ ጣቢያ ቢሆን ይበልጥ ያስኬዳል። የመጀመሪያው ሥራም በታሰበው ሸለቆ ውስጥ ተቀባይ መሣሪያ አቁሞ የሬዲዮ ጩኸቱን (ከማማና ከመሣሪያ የሚመጣውን ረባሽ ሞገድ) ክረምት ከበጋ መለካትና ውጤቱን ለሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፍ ማቅረብ ነው።