ድልድይ ሲነሳ ማን ይቆማል?

ሰሞኑን ስለ ለንደኑ ታወር ብሪጅ ሁለት መስመር ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። መርከብ ሲመጣ መሃሉ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ላይ የሚነሳው ድልድይ ነው። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ያን የሚያህል ብረት በምን ጉልበት ይነሳል? ክሬን አለው?» (ከፒያሳ)

ክሬን የለውም። ነገሩ ሁሉ ሚዛን ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ከ1000 ቶን በላይ ይመዝናል። ነገር ግን ከማጠፊያው ወዲያ፣ ግንቡ ውስጥ ተደብቆ፣ ከብረትና ከእርሳስ የተሠራ ማመጣጠኛ ክብደት አለ። መንገዱ ሲነሳ እሱ ይወርዳል። የገበያ ሚዛን አስቡ፤ ሁለቱ ወገን እኩል ከሆነ በጣት ነካ ቢያደርጉት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሞተሩ በዋናነት የሚታገለው ከሰበቃና ከነፋስ ጋር ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የእንፋሎት ሞተር በኃይል በሚገፋው ውሃ ነበር የሚነሳው። ከ1976 ወዲህ በዘይት ግፊትና በኤሌክትሪክ ሆኗል።

«ጀልባው ነው መኪናው የሚጠብቀው?» (የታክሲ ሹፌር፣ ከሜክሲኮ)

ወንድሜ፣ መኪናው ነው። ባለመርከቡ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ያመለክታል፤ አይከፍልም። ሰዓቱ ሲደርስ ቀይ መብራት ይበራል፣ ማገጃው ይዘጋል፣ ድልድዩ ላይ ሰው አለመቅረቱ ይታያል። ከዚያ መቀርቀሪያው ተፈትቶ ክንፎቹ ይነሳሉ። በ1997 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን አጀብ እዚያ ሲደርስ ድልድዩ ለአንድ ባለሸራ ጀልባ ተከፈተ። አጀቡ ለሁለት ተቆረጠ። መንገድ ለባለሥልጣን ሲዘጋ ቆመን ለምንጠብቅ ለእኛ ይህ ተረት ነው የሚመስለው!

«መኪና ላዩ ላይ እያለ ቢነሳስ?» (ከካዛንቺስ)

ደርሷል። በ1952 የ78 ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር አልበርት ጉንተር መንገዱ ከሥሩ ሲነሳ ተሰማው። ፍሬን አልያዘም፤ ነዳጅ ሰጥቶ ወደ ማዶው ክንፍ ዘለለ። የሞተ ሰው የለም። ለጀግንነቱ 10 ፓውንድ ተሸለመ፤ እኔ ብሆን ትንሽ ጨምሩ እል ነበር።

«እኛስ ለምን የለንም?» (ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ)

በድልድይዎ ሥር መርከብ ሲያልፍ ያዩ ቀን ይጻፉልኝ።

«ከፍ አድርጎ መሥራት አይቀልም ነበር?» (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

ጥሩ ጠየቅሽ። ባለረጅም ምሰሶ መርከብ የሚያሳልፍ ከፍታ ላይ ለመድረስ በሁለቱም ወገን ረጅም መወጣጫ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ከተማው መሃል ብዙ ቤት ያስፈርሳል፤ በዚያ ዘመን ጋሪ ለሚጎትት ፈረስም ዳገት ነው። ሌላ ዘዴ የመረጡም አሉ። ግብፅ ውስጥ ስዌዝ ካናል ላይ ያለው የኤል ፈርዳን የባቡር ድልድይ ወደ ጎን ይዞራል። በግሪኩ ቆሮንቶስ ካናል ሁለት ጫፎች ያሉት ድልድዮች ደግሞ ጭራሽ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ መርከቡ በላያቸው ያልፋል።